ታሪክ ከሣጥን ሲወጣ

በኮሎምቢያ የካሪቢያን ጠረፍ፣ በሲኑ ወንዝ ሸለቆ፣ ገበሬው ጫካ መንጥሮ ያቀናውን መሬት ከብት አርቢው ባለርስት በሽቦ አጥሮ ይወስድበት ነበር። እ.አ.አ. በ1967 በመንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው ብሔራዊ የገበሬዎች ማኅበር በ1971 ትዕግሥቱ አለቀ፤ አባላቱ በየርስቱ እየገቡ መሬት መያዝ ጀመሩ።

ሶሲዮሎጂስቱ ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ የደረሱት በዚህ ግርግር መካከል ነው። በ1959 ከካህኑ ካሚሎ ቶሬስ ጋር በብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ትምህርት የመሠረቱ ምሁር ናቸው። አሁን ግን ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው፣ ምን መጠናት እንዳለበት ከገበሬዎቹ ጋር ሊመክሩ መጡ። ገበሬዎቹ የፈለጉት የአባቶቻቸውን ትግል ታሪክ ነበር።

ታሪኩ ደግሞ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፦ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ ያረጀ የማኅበር ወረቀት። በሞንቴሪያ ከተማ ኹዋና ኹሊያ ጉዝማን በሕይወት ነበሩ። እኚህ ሴት በ1910ዎቹ መጨረሻ የሴት ሠራተኞች ማኅበር ያቋቋሙ፣ ሎማግራንዴ ላይ መሬት ከያዙ ገበሬዎች ጎን የቆሙ ናቸው። እሳቸውና እኩዮቻቸው በስብሰባ ላይ ያዩትን ሲተርኩ፣ ሠዓሊው ኡሊያኖቭ ቻላርካ እዚያው ይነድፋል። ንድፉን ተሰብሳቢው ያየዋል፣ ይተቸዋል። እንዲህ ተሠርቶ የሎማግራንዴ ታሪክ በ1972 በሥዕል መጽሔት ወጣ፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሥዕሉን እያየ፣ ሲነበብለት እየሰማ ተከታተለው።

ተመራማሪውና ሕዝቡ አብረው የሚሠሩበት ይህ ዘዴ አሳታፊ የተግባር ምርምር ይባላል፤ ከሌላው ምርምር የሚለየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጠይቅ አስሞልቶ የሄደ ተመራማሪ ቢሳሳት የሚያርመው የሙያ ባልደረባው ነው፤ ባለታሪኩ ስለ ራሱ የተጻፈውን አያየውም። በሲኑ ግን የመጀመሪያው ፈራጅ ገበሬው ሆነ፤ የሰማውንም ለቀጣዩ የመሬት ትግል ስንቅ አደረገው።

ጉዞው አልጋ በአልጋ አልነበረም። የግራ ክንፍ ቡድኖች ሽኩቻ ማኅበሩን ከፋፈለው፤ ፋልስ ቦርዳም በ1970ዎቹ አጋማሽ ከመሪዎቹ ጋር ተለያዩ። ሥራው ግን አልቆመም። በ1977 በካርታኼና በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከሌላ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በዘዴው ላይ መከሩ። ከ1979 እስከ 1986 ደግሞ ፋልስ ቦርዳ ስለ ጠረፉ ሕዝብ የጻፉት ባለ 4 ቅጽ ታሪክ ታተመ። በግራው ገጽ ትረካው፣ በቀኙ ትይዩ ንድፈ ሐሳቡና ማስረጃው ይሄዳል፤ የጠረፉ ሰው የግራውን ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይችላል።