ቆጣሪው ማን ዘንድ ነው?

አጤ ምኒልክ ስልክ ሲያነሡ ሒሳብ የሚቆጥርባቸው አልነበረም። ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ይዘውት የመጡት መሣሪያ ቤተ መንግሥት ሲገባ ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው እንደ ደነገጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን ከቁም ነገር እንዳልቆጠሩት ሲወራ ሰምተን አድገናል። በዚያ ወሬ ውስጥ የዋጋ ነገር አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ1894 በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል መዘርጋት የተጀመረው የ477 ኪሎ ሜትር መስመርም ከሁሉ በፊት የመንግሥት ጉዳይ ማመላለሻ ነበር። የስልክ ሒሳብ ጭቅጭቅ የመጣው ስልኩ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ተራው ሰው እጅ ሲገባ ነው።

እኔ ለሚ ላይ ሱቅ አለኝ። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መኪና የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ከመጀመሩ በፊት ያገኛታል። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና እሸጣለሁ፤ ካርድ እሸጣለሁ፤ ጥቅል መግዛት ለማይችል ሰው እገዛለታለሁ፤ ከቆላ ለገበያ የሚወጣው ሰውም ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው እኔ ዘንድ ነው። በሱቄ መስኮት የማይሰማበት ጊዜ የሌለ ስሞታ አለ፦ «ጋሼ፣ ትናንት ማታ 50 ብር ሞልቼ ነበር። ጠዋት ስነሣ የለም። ለማንም አልደወልኩም፤ ካርዴን በላው።» እውነቱን ነው፣ አልደወለም። ጥቅሉ ማታ አልቋል፤ ዳታው ግን እንደ በራ አድሯል። ስልኩ ሌሊቱን አፕ ሲያድስ፣ የቴሌግራም ቪዲዮ ሲያወርድ ከዋናው ሒሳብ ሲቆረጥ አደረ።

ወጣቶቹ ይህን የስማርት ስልክ ዘመን ያመጣው ጣጣ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከድሮ ሲንከባለል የመጣ ነገር ነው እላለሁ። ሰው ሳያውቀው የሚመጣ የስልክ ዕዳ አባቶቻችንም ያውቁታል። በየዘመኑ የተለዋወጠው ቆጣሪው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቆጣሪው ከከፋዩ ዓይን ሲርቅ ያልታሰበ ሒሳብ ይበዛል፤ ሲቀርብ ደግሞ ይቀንሳል። የስልክን ታሪክ በዚህ መንገድ ማንበብ የጀመርኩት ከሱቄ መደርደሪያ ጀርባ ሆኜ ነው።

ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ስማር አዲስ አበባ መደወል ማለት ቴሌ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነበር። የከተማውን ስምና ቁጥሩን ለኦፕሬተሯ ታስመዘግባለህ፤ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለህ፤ ስምህ ሲጠራ በር ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትገባለህ። የሩቅ ጥሪ የሚታሰበው በሦስት ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስቱ ሲሞላ ኦፕሬተሯ ጣልቃ ትገባና «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?» ትላለች። የኛ አገር ሰው ከሰላምታው ሳይወጣ ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ከብቱ ደኅና ነው? አዝመራው እንዴት ነው? እትዬ እገሊት ተሻላቸው? ስለዚህ አስተዋይ ሽማግሌ ቴሌ ሲመጣ የሚናገረውን ለልጁ አስጽፎ ይመጣ ነበር፤ ዋናው ጉዳይ መጀመሪያ፣ ሰላምታው ደቂቃ ከተረፈ።

አገልግሎቱ ርካሽ አልነበረም፤ መስመሩም ይቆራረጥ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያች ክፍል ሲወጣ ያልጠበቀው ዕዳ የሚገጥመው ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ቆጣሪው አፍ ያለው ሰው ነበር። ልጨምርብህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አንተም እሺ ወይም በቃኝ ትላለህ።

ያ የደቂቃ ቆጠራ ከላይም ምክንያት ነበረው። የዓለም ባንክ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር ሥራው ራሱን ችሎ የሚተዳደር መሥሪያ ቤት እንዲኖረው ተፈለገ። በ1945 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በገቢው የሚኖር መሥሪያ ቤት ደግሞ ደቂቃ ይቆጥራል። ስልክ የንጉሥ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሒሳብ የሚወራረድበት አገልግሎት ሆነ።

ከዚያ ስልክ በየቤቱ መግባት ጀመረ፤ ጣጣውም አብሮ ገባ። የመብራት ቆጣሪ ግድግዳህ ላይ ነው፤ የውሃውም ግቢህ ውስጥ ነው፤ ሄደህ ታየዋለህ። የቤት ስልክ ቆጣሪ ግን የሚዞረው ቴሌ ሕንፃ ውስጥ ነው። አባወራው የሚያውቀው ወር ሲያልቅ ቢሉ ሲመጣ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ተከራይቼ እኖርበት የነበረው ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ቢል በመጣ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ሳሎን ሰብስበው «ይኼን ማን አወራው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልስ የሚሰጥ የለም። በመጨረሻ ብዙ ቤት ያደረገውን አደረጉ፦ ትንሽ ቁልፍ ገዝተው የስልኩ መደወያ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡና ቆለፉት። መክፈቻዋን ከመስቀላቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሯት።

ልጆች ደግሞ ለቁልፉ መላ አላጡም። የድሮው ስልክ ቁጥርን የሚያስተላልፈው መስመሩን ቶሎ ቶሎ እያቋረጠ ነው፤ አራት ለማለት አራት ጊዜ፣ ዜሮ ለማለት አሥር ጊዜ። ስለዚህ እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በልኩ ካንኳኳህ መደወያው ተቆልፎም ይደውላል። የቤቱ ልጅ ይህን ጥበብ ያሳየኝ ቀን ሁለታችንም ሳቅን። አባቱ ግን በሚቀጥለው ወር ቢሉን ይዘው ቆመው ቁልፉን ደጋግመው ሲነካኩት አየሁ። ቁልፉ አልተከፈተም፤ ሒሳቡ ግን ጨምሯል።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተዘረጋው አቅም 36 ሺህ መስመር ነበር። እንደ ለሚ ያለ ቦታ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ያን ጊዜ የሚወራው ስለ ቀበሌ ስልክ ነበር፤ የገጠር ሰው ስልክ ለማግኘት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የሚል ዕቅድ። ሞባይሉ ሲደርስ ግን ትልቁን ለውጥ ያመጣው ከስልኩ ጋር የመጣው ካርድ ነው። አስቀድሞ የተከፈለ ካርድ ቆጣሪውን ከቴሌ ሕንፃ አውጥቶ በገበሬው መዳፍ ላይ አስቀመጠው። 15 ብር ፍቀህ ትሞላለህ፤ ኮከብ 804 መሰላል ትላለህ፤ የቀረህን ታያለህ። ካለቀ ያበቃል። ዕዳ የሚባል ነገር የለም፤ ወር ጠብቆ የሚመጣ ወረቀት የለም።

ሕዝቡም ይህን ቆጣሪ ማንም ሳያስተምረው ተካነበት። ሚስኮል ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆነ፦ አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ ደርሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ መኪናው ተነሥቷል። ከዓለም ከተማ ዕቃ የሚልክልኝ ሰው ለብዙ ጊዜ አንድም ቃል ሳናወራ ሥራችንን ጨርሰናል። ደቂቃው ከመሙላቱ በፊት 59 ሰከንድ ላይ የሚዘጉ ሰዎች ነበሩ፤ ንግግራቸው መሐል ቢሆን እንኳ አይራሩም። ለኔ ይህ ዘመን ከኦፕሬተሯ ወዲህ ሰውና ሒሳቡ ተፋጠው የኖሩበት ብቸኛ ጊዜ ነው።

ይህን ሰላም ያናወጠው ዳታ ነው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን ለረጅም ጊዜ በስልክ ገመድ የሚገኝ የመሥሪያ ቤትና የካፌ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲመሠረት ሰው ሁሉ የሚያወራው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሰካው ኢቪዲኦ ነበር። ኢቪዲኦው የወር ገደብ ነበረው፤ ከገደቡ ያለፈው በኪሎ ባይት እየተቆጠረ ወር ላይ ቢል ይሆናል። ደብረ ብርሃን የጽሕፈት አገልግሎት የነበረው ጓደኛዬ ኮምፒዩተሩ ራሱን እንዲያድስ ትቶት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ወሩ ሲያልቅ የመጣው ሒሳብ የሱቁን ኪራይ የሚያህል ሆነ። ከማንም ጋር አልተጣላም፤ ቁጭ ብሎ ግን «አንድ ጊጋ ስንት ገጽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደቂቃን ሰው በትንፋሹ ይለካዋል። ጊጋ ባይትን በምን ይለካዋል?

ዳታ ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ ሲወርድ ችግሩ ሁሉም ኪስ ውስጥ ገባ። በወጉ ከተነገረ አሠራሩ ቀላል ነው። የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ጥቅል ትገዛለህ። ጥቅሉ መጠንም ጊዜም አለው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲያልቅ ጥቅሉ ያልቃል። ስልኩ ግን ጥቅልና ዋና ሒሳብ አይለይም፤ መስመሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይጠቀማል፤ አጠቃቀሙም በጥቅል ከሚገዛው በጣም በሚወደድ መደበኛ ታሪፍ ከካርድህ ይቆረጣል። ጥቅሉ ሲያልቅ መልእክት ይመጣል፤ ነገር ግን ስለ ሎተሪ፣ ስለ ሽልማትና ስለ አዲስ አገልግሎት በሚመጡት መልእክቶች መሐል ይጠፋል። ማንበብ የማይችል ደግሞ ቢያየውም አይጠቅመውም።

ዱቤ የምሰጣቸው ደንበኞች አሉኝ። ደብተሬን የምጽፈው እነሱ እያዩ ነው፤ ስጽፍም ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና» እላለሁ። ሌሊት እነሱ ተኝተው እያለ ደብተሩን ገልጬ ብጽፍ፣ የጻፍኩት እውነት እንኳ ቢሆን፣ ጠዋት የሚያምነኝ የለም። የዳታ ሒሳብ እንዲህ ነው። ስሕተት ላይኖርበት ይችላል፤ ሲጻፍ ግን ማንም አላየም።

ችግሩ በዋጋ መርከስ ይፈታል ብለን የጠበቅንም ነበርን። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ሲቀንስ ሱቄ በደስታ ተሞልቶ ነበር፤ የደቂቃ ጥሪ ከ83 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም ወረደ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደሩ ሁለት ድርጅቶች አየን። ዋጋው በወረደ ቁጥር ግን ሰው ይበልጥ ተጠቀመ፤ ስልኩም ይበልጥ ብቻውን መሥራት ለመደ። ስሞታው አልቀነሰም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ብቻ ስለ ዳታ የሚያጉረመርም ጠፋ፤ ያን ጊዜ የሚያስጨንቀን የዘመድ ድምፅ መጥፋቱ ነበር።

በአካባቢያችን የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ መስከረም 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ያመርታል የተባለለት ነው። ከሥራው ጋር ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ለጥቅል ዋና ደንበኞቼ ናቸው፤ ስለ ዳታ እነሱን አላስተምርም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ቤይሩት ናት፤ በኢሞ ትደውልላቸዋለች። ፊቷን ካላዩ አይሆንላቸውም፤ የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ጥቅልን ይጨርሳል። አንድ ቀን መጥተው «ልጄ፣ እሷ ነች የደወለችው፤ የኔን ካርድ ለምን ይወስዳል?» አሉኝ። እናታችን ልክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት የስልክ ሕግ የደወለ ይከፍላል የሚል ነው። በዳታ ግን የተቀበለም ይከፍላል። ይህን የነገራቸው አልነበረም።

ይህ የእንሳሮ ችግር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሰዎቹ ከአገር አገር ሲጓዙ በዳታ ሒሳብ ስለተቃጠሉ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አወጣ፦ ደንበኛው ሌላ ካልመረጠ በቀር የዳታ ሒሳቡ 50 ዩሮ ሲደርስ መስመሩ ይዘጋል፤ 80 በመቶው ላይ ሲደርስም ማስጠንቀቂያ ይላካል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2011 ኩባንያዎቹ ደንበኛው ገደቡ ላይ ሲቃረብና ሲያልፍ በነፃ ለማሳወቅ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። በሕጉም በስምምነቱም ውስጥ ዋናው ነገር ዋጋ አይደለም። የመቀጠል ውሳኔው ወደ ከፋዩ እንዲመለስ ማድረጋቸው ነው።

አገራችንም ተቆጣጣሪ አላት፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ተቋቁሟል፤ የተጠቃሚን መብት መጠበቅም ሥራው ነው። የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ጥቅል ያለቀበት ሰው ዳታው እዚያው ይቁም። መቀጠል የፈለገ ራሱ ጠይቆ ያስከፍት፤ ዋናው ሒሳብ የሚነካው እሺ ሲል ብቻ ይሁን። ጥያቄው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በኦሮምኛም ሆነ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ በድምፅ ይምጣ። ኦፕሬተሯ ገመድና ጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይዛ የምትሠራውን ሥራ የዛሬው ኮምፒዩተር አያቅተውም።

እስከዚያው ግን ሥራው የኛ የባለሱቆቹ ነው። ጥቅል ከኔ ለገዛ ሁሉ መቼ እንደሚያልቅ ሰዓቱን እነግረዋለሁ፤ ማታ ዳታውን እንዲያጠፋ አሳየዋለሁ፤ ትልልቅ ሰዎችን ደግሞ ቪዲዮ ብቻውን እንዳይወርድ ስልካቸውን አስተካክልላቸዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይወስድብኛል፣ የሚከፍለኝም የለም፤ ነገር ግን ያን ያደረግሁለት ሰው በማግስቱ ስሞታ ይዞ አይመጣም።