ከቡና ምጣድ እስከ አፍ ካንሰር

በ1914 እንግሊዝ ውስጥ ሜጀር ግሪንውድ እና ፍራንሲስ ውድ የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሰዎች የሞት ቁጥሮችን ደርድረው አንድ ነገር ጠየቁ። የስኳር በሽታ ብዙ ሰው ሲገድል ካንሰርም አብሮ ብዙ ይገድላል ወይ? (ሜጀር ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፣ የሰውየው ስም ነው። ዓመቶቹም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ ጊዜው ግን አልደረሰም። ኢንሱሊን ገና አልተገኘም፤ ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው በጃንዋሪ 1922 ነው። ከዚያ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር። ካንሰር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ በብዛት መገናኘት የጀመሩት ሰው ከስኳር ጋር መኖር ሲችል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የቆጠራ ታሪክ ነው። የጉበት፣ የቆሽት እና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከስኳር ጋር ያላቸው ዝምድና ጎልቶ ወጣ። አፍ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ2004 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ስኳር ባለባቸው ሰዎች አፍ ውስጥ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ምልክቶችን ከሌላው ሰው በበለጠ አገኙ። በኋላ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመሩ ትንተናዎችም ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ የአፍ ካንሰር ዕድል በመጠኑ ከፍ እንደሚል አሳዩ። በመጠኑ ነው ያልኩት። ትንባሆ እና አልኮል አሁንም ዋናዎቹ ተጠያቂዎች ናቸው።

ቆጠራ ግን “ለምን?” ለሚለው መልስ የለውም። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ሁለት ግራፍ አብሮ ወደ ላይ ስለወጣ ብቻ የትኛው ሰርቨር እንደተበላሸ ማወቅ አልችልም። ሎጉን መክፈት አለብኝ። የዚህ ነገር ሎግ የተከፈተው ደግሞ ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ ከማብሰል ጋር ዝምድና ባለው ኬሚስትሪ ነው።

በ1912 ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ካሚይ ማያር የተባለ ኬሚስት ስኳርን ከፕሮቲን መሥሪያዎቹ ከአሚኖ አሲዶች ጋር አሞቀ። ድብልቁ ቡናማ ሆነ። ቡና ሲቆላ የሚጠቁረው፣ ዳቦ ላዩ ላይ የሚቀላው፣ ያ ቤቱን የሚሞላው ሽታ የሚመጣው በብዛት ከዚህ ነው። ኢንዛይም አያስፈልገውም፣ የሰውነት ፈቃድም አይጠይቅም፤ ስኳር እና ፕሮቲን ከተገናኙ በራሱ ጊዜ ይጣበቃል። ምጣድ ላይ ደቂቃዎች ይበቁታል። በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በእኛ ደም ውስጥ፣ ሳምንታትና ዓመታት ይወስድበታል እንጂ አይቆምም።

ይህን በሰው ደም ውስጥ ያየው የኢራኑ ሐኪም ሳሙኤል ራህባር ነው። በ1968 ቴህራን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠራ ፍለጋው ስለ ስኳር በሽታ አልነበረም፤ ያልተለመዱ የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ነበር የሚያድነው። በኤሌክትሪክ ከለያቸው ናሙናዎች መሃል አንድ እንግዳ መስመር አየ። የደሙን ባለቤቶች ሲያጣራ የስኳር ሕመምተኞች ሆነው ተገኙ። ሌሎች የስኳር ሕመምተኞችን መረመረ፣ ያው መስመር እነሱም ላይ አለ። ስኳሩ ሄሞግሎቢኑ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ዛሬ “የሦስት ወር ስኳር” የምንለው ምርመራ የተወለደው ከዚህ ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜው ያለፈበትን ስኳር ሁሉ ይመዘግባል። ከቀጠሮ በፊት ሦስት ቀን በመጾም ማታለል አይቻልም፣ ብዙዎች ይሞክራሉ እንጂ። ራህባር ከኢራን አብዮት በኋላ ካሊፎርኒያ ገብቶ ሲቲ ኦፍ ሆፕ በተባለው ማዕከል መሥራት ቀጠለ። ያ ማዕከል ደግሞ በሁለት ነገር ነው የሚታወቀው፦ በካንሰር እና በስኳር በሽታ።

ሄሞግሎቢን ከሴሉ ጋር ያልቃል፣ አዲስ ይተካል። ቆዳንና የደም ሥርን የሚያያይዘው ኮላጅን ግን ቶሎ አይተካም። እሱ ላይ የተለጠፈው ስኳር እየተለወጠ፣ እየጠነከረ፣ ቡናማ ቅሪት ይሆናል። ሳይንቲስቶች እነዚህን ቅሪቶች “ኤጅ” ይሏቸዋል፤ በእንግሊዝኛ “ዕድሜ” ከሚለው ቃል ጋር የገጠመው ሆን ተብሎ ይመስለኛል። በ1992 ደግሞ ሴሎች ላይ ቅሪቱን የሚይዝ ተቀባይ እንዳለ ታወቀ። ስሙ “ሬጅ” ነው፣ ቁጣ ማለት። በአማርኛ ቁስል “ተቆጣ” እንላለን አይደል? በትክክል ያንን ነው የሚያደርገው። ሬጅ ሲነካ ሴሉ አደጋ እንደደረሰበት ሰው ይጮሃል፣ አካባቢው ይቆጣል። ስኳር ባለበት ሰው ላይ የሚነካው ነገር ስለሚበዛ ጩኸቱ በቀላሉ አይበርድም።

በ2000 “ኔቸር” መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን ወደ ካንሰር አመጣው። አይጦች ላይ ሬጅ እና እሱን የሚነካ ሌላ ፕሮቲን እንዳይገናኙ ሲደረግ እጢው ማደጉም መሰራጨቱም ቀነሰ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች የአፍ ካንሰር ናሙናዎችን ሲያዩ፣ ሬጅ የበዛባቸው እጢዎች ወደ ውስጥ ሰርስሮ ከመግባት ጋር ተያይዘው አገኟቸው።

መሰርሰሩ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? የአፍ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከላይኛው ስስ ሽፋን ነው። ከሽፋኑ ሥር ቀጭን ወለል አለ። ካንሰሩ ከወለሉ በላይ እስካለ ድረስ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ወለሉን ከበሳ ግን የሊምፍ መስመር ያገኛል፣ ከዚያ ወደ አንገት ንፍፊት ይሄዳል። አንገት ውስጥ ከገባ የመዳን ዕድል በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ የጭንቅላትና የአንገት ሐኪሞች ይህን ገና ሲማሩ ነው የሚሸመድዱት። የሬጅ ጩኸት ከሚቀሰቅሳቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ያንን ወለል የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ናቸው። ዓይነት ሁለት ስኳር ላይ ከመጠን በላይ የሚመረተው ኢንሱሊንም ራሱ ለሴል “እደግ” የሚል መልእክት ነው።

እዚህ ላይ “ስኳር ካቆምክ ካንሰሩ ይራባል” የሚሉ ቪዲዮዎች ትዝ ይሏችሁ ይሆናል። መነሻቸው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ያየው ነገር ነው፤ የካንሰር ሴል ስኳርን በብዛት ይበላል። እውነት ነው። ግን ሰው ሻዩን ያለ ስኳር ቢጠጣም ጉበቱ ለደሙ ስኳር ማቅረቡን አይተውም። እኔ የምከተለው መስመር ሌላ ነው፦ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር አካባቢውን ምን ያደርገዋል?

ሰንሰለቱ አማላይ ነው፣ ግን ገና ሙሉ አይደለም። ከላብራቶሪ ሴል ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ብዙ ሐሳብ የወደቀበት ነው። የሜትፎርሚን ታሪክ ይበቃል። በ2005 ከስኮትላንድ የወጣ ጥናት መድኃኒቱን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ካንሰር እንደሚያንስባቸው ሲናገር ዓለም ተንጫጫ። ከዚያ ከተመሳሳይ ጥናቶች አንዳንዶቹ ላይ የጊዜ አቆጣጠር ስህተት ተገኘ፦ “ሜትፎርሚን ወሳጅ” ተብሎ ለመቆጠር መጀመሪያ መድኃኒቱ እስኪታዘዝ በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል፣ ያ ጊዜ ለመድኃኒቱ ውለታ ሆኖ ተቆጠረ። የማውቀው ዓይነት ስህተት ነው፣ ኮድ ውስጥም ሁሌ አለ። በ2022 የጡት ካንሰር ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራም ጥቅም አላሳየም።

ሬጅ ምንም ሆነ ምን ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ እውነት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ይቆስላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ፈንገስ ይይዘዋል። ስለዚህ ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ሲወጣ እሱም ቤተሰቡም “ከስኳሩ ነው” ብለው ያልፉታል። ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ግን ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት በሐኪም መታየት አለበት፤ ካስፈለገም ናሙና ይወሰዳል። በግምት የሚያልፈው ሳምንት፣ ካንሰር ከሆነ፣ ወለሉ የሚበሳበት ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ሬጅን የሚዘጋ መድኃኒትም ተሠርቷል፣ አዜሊራጎን ይባላል። ስኳር ኩላሊታቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ለአልዛይመርም ተሞከረ፣ በ2018 ወደቀ። አሁን ደግሞ ካንሰር ላይ፣ የአንጎል እጢ ባለባቸው ሕመምተኞች ላይ ወደ መሞከር ተሸጋግሯል።