የእንጦጦ ማርያም ግብር

የእንጦጦ ማርያም ግብር እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ በነበሩት በዳግማዊ ምኒልክና በባለቤታቸው በጣይቱ ብጡል የተደረገ፣ ለቀናት የዘለቀ የምግብና የጠጅ ድግስ ነው። ድግሱ የተደረገበት የእንጦጦ ተራራ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የሚገኝ ሲሆን፣ ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ያለውም በዚሁ ተራራ ላይ ነው። የንጉሡ ጸሐፊ የነበሩት ጸሐፈ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ስለ ግብሩ ጽፈዋል። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ፣ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የሚባለው ነገር በአንድ ማዕድ ላይ ተሰብስቦ የታየበት አጋጣሚ አድርጎ ያቀርበዋል።

ስያሜ

«ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ገበሬው ለባለሥልጣን የሚከፍለው ነው፤ ሁለተኛው ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበሉት ድግስ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአጋጣሚ የተገናኙ አይደሉም። ማሩ፣ ቅቤው፣ ሰንጋውና እህሉ በግብርነት ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ተቦክቶ፣ ተጥሎና ተወጥውጦ በግብርነት ይወጣል። «ግብር አበላ» ማለትም ጌታው ከተቀበለው ላይ መልሶ አካፈለ ማለት ነው።

ዳራ

ምኒልክ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ያደረጉት ከፍታው ለመከላከያ ስለሚያመች ነበር። ቦታው ግን ብርዳምና ነፋሻማ፣ ማገዶም የሚቸግርበት ነው። ጣይቱ በተራራው ግርጌ ባለው ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው አካባቢውን አዲስ አበባ ያሰኙት እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን፣ ግብሩ በተደረገበት ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከላይ ቀረ። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው።

በዚያው በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ስለዚህ ግብሩ ለቤተ ክርስቲያን ምረቃ ብቻ የተደገሰ ሳይሆን፣ እየሰፋ የሚሄደው ግዛት ምን ምን እንደሚያፈራ የታየበትም ነበር። ጣይቱ በዚያ ጊዜ ገና እቴጌ አልተባሉም። በቤተሰብ ትስስራቸው ግን የሰሜኑን፣ በተለይም የጎንደርን የቤተ መንግሥት ወግና የወጥ አሠራር ይዘው ወደ ሸዋ የመጡ ናቸው፤ ጓዳውንም ራሳቸው ይመሩ ነበር።

የግብር ሥርዓት

በዘመኑ የቤተ መንግሥት ግብር እንግዳ በፈለገበት ገብቶ የሚቀመጥበት አልነበረም። አጋፋሪው እያንዳንዱን እንደ ማዕረጉ ያስገባል፣ ቦታውንም ያሳየዋል። ንጉሡ መጀመሪያ በመጋረጃ ተከልለው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር ይመገባሉ። መጋረጃው ሲገለጥ ሹማምንቱ፣ ከዚያም ሠራዊቱ በየተራ ይገባል፤ አንዱ ተራ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። እንጀራው በየመሶቡ ተደራርቦ ይቀርባል። ጥሬ ሥጋ ግን ወደ ተመጋቢው የሚመጣው በሁለት ሰው ትከሻ ላይ በእንጨት ተንጠልጥሎ ነው፤ ተመጋቢው የሚወደውን ብልት በራሱ ቢላ ይቆርጣል። ከበላ በኋላ ፉከራና ሽለላ፣ የአዝማሪም ዘፈን ይከተላል።

ወጡ ከየአቅጣጫው የመጣ ነገር ይገናኝበታል። ጤፉና ገብሱ የደጋና የወይና ደጋ አገር ምርት ነው። በርበሬ ግን መነሻው አሜሪካ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በፊት የነበረ የቤተ መንግሥት ማዕድ ዛሬ የምናውቀውን ቀይ ወጥ አያውቅም ማለት ነው። ሌላም ልዩነት አለ፦ ዛሬ ያለ ቡና ግብዣ አይታሰብም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር፤ ይህም አመለካከት እየላላ የሄደው በምኒልክ ዘመን ነው።

ጠጅ

የግብሩ ዋና መጠጥ ጠጅ ነው። ጠጅ የሚጣለው ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ ይገባል። ጋኑ አስቀድሞ ታጥቦ ይታጠናል፤ ብርዙ ለጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ጌሾው ይጨመርበታል፤ ሲደርስም ይጠለላል። ጌሾው መራራ ጣዕም ይሰጠዋል። ጌሾ ያልገባበትና ያልፈላው ማርና ውኃ ብርዝ ይባላል፤ አስካሪ መጠጥ ለማይጠጡ እንግዶች የሚቀርበውም እሱ ነው።

ጠጅ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ቆይቷል፤ የብዙኃኑ መጠጥ ጠላ ነበር። በግብር ላይ ተራው ወታደር ጠጅ ማግኘቱ ትልቅ ነገር የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሆኖም ምርጡ ጠጅ ለመኳንንቱ፣ ቀጠን ያለው ደግሞ ለተከታዩ ተራ ይቀዳ ነበር። አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ ይህም ለጣዕሙ ሳይሆን መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት ነው።

በስፔን አንዳሉሲያ፣ የሼሪ ወይን አገር በሆነችው በሄሬዝ፣ እንግዳ በአስጎብኚ እየተመራ ወይኑ ወደሚቀመጥበት ጓዳ ሄዶ ይቀምሳል። በግብር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማሩ ከየአገሩ ተጭኖ ወደ ጠጪው ይመጣል። ቋንቋውም የጠጅን ቀዳሚነት ይመሰክራል፦ ከወይን ፍሬ የሚሠራው መጠጥ በአማርኛ የሚጠራው የጠጅን ስም ተውሶ «የወይን ጠጅ» ተብሎ ነው።

ክፉ ቀን

ከግብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ሰንጋ አለቀ። በምጽዋ በኩል ከገቡ የታመሙ ከብቶች የተዛመተው የደስታ በሽታ፣ አንዳንድ ግምቶች እንደሚሉት ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ፈጀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተባይ ተጨመሩበት። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ይህ ረኀብ ክፉ ቀን ይባላል። ምኒልክ ያለ በሬ በዶማ መቆፈር ነውር እንዳልሆነ ለማሳየት ራሳቸው ቆፍረዋል። የ1887ቱ ግብር በኋላ ሲታወስ ከክፉ ቀን በፊት የነበረ የመጨረሻ ትልቅ ጥጋብ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

የእንጦጦ ማገዶ ችግርም ሌላ ውጤት ነበረው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በከተማዋ ዙሪያ ተተክሎ ተራራውን ሸፈነው። ከዚህ ደን እንጨት ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእንጦጦ መንገድ መለያ ሆነው ቆይተዋል።

ዛሬ

ግብር በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ታላቅ አዳራሽ ቀጥሏል፤ አዳራሹ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ ይጎበኛል። በእንጦጦ ደግሞ የምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥትና የንጉሡንና የእቴጌዪቱን ዕቃዎች የያዘው ሙዚየም በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች አሉት።

ጠጅ በበኩሉ ከመኳንንት እጅ ወጥቶ በየሰፈሩ ጠጅ ቤት በብርሌ ይሸጣል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከምርቱም አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። ማር ሲወደድ ግን ብዙ ጠጅ ቤቶች ስኳር ይቀላቅላሉ፤ ስለዚህ ንጹሕ የማር ጠጅ የሚፈልግ ሰው ጠያይቆና ቀማሽ ይዞ መሄዱ ይመከራል። በወይን ጠጅ በኩል ነባሩ አዋሽ ሲሆን፣ በዝዋይ (ባቱ) የራሱ የወይን እርሻ ያለው ካስቴል ደግሞ የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።