የኦርኩ አሰላለፍ

ኦርክ ሲፈጠር ክፉ ነበር። የኦክስፎርዱ የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የዚህን ምናባዊ ፍጡር ስም ከጥንታዊ እንግሊዝኛ አውጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በታተመው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ውስጥ የጨለማው ጌታ ተራ ወታደር አደረገው። አንድ ዘር ሙሉ የንስሐ ተስፋ የሌለው ክፉ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ካቶሊኩን ደራሲ እስከ ዕድሜው ማምሻ አስጨንቆታል። አንባቢውን ግን እምብዛም አላስጨነቀውም፤ ኦርኩ ይገደላል፣ ገጹ ይገለጣል።

ጣጣው የመጣው ኦርኩን የሚያዝ ሰው ሲገኝ ነው።

በ1971 ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን አሜሪካ ውስጥ «ቼይንሜይል» የተባለ የጦር ጨዋታ ደንብ አሳተሙ። ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ በሚደረደሩ ትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄድ ነው። ለምናባዊ ፍጡራን በተሰጠው ክፍል ድዋርፍና ሆቢት ከ«ሥርዓት»፣ ጎብሊንና ኦርክ ከ«ሁከት» ጎን ተመደቡ፤ ገለልተኞችም ነበሩ። ደንቡ ሊመልስ የፈለገው ማን ከማን ጋር በአንድ ጦር ይሰለፋል የሚለውን ነበር። አሰላለፍ ያኔ በቁሙ አሰላለፍ ነው።

ጠባይ የሆነው በኋላ ነው። ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር በ1974 ያወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሦስቱን ወገኖች ወደ ግለሰቡ ገጸ ባሕርይ አወረዳቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግነትና ክፋት ተጨምረው አሰላለፎቹ ዘጠኝ ደረሱ።

የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሁለቱንም የአሰላለፍ ትርጉሞች ወረሱ። በ1999 የወጣው «ሂሮስ ኦቭ ማይት ኤንድ ማጂክ 3» ከተሞቹን ደግ፣ ክፉና ገለልተኛ ብሎ ከፈለ። ከሦስት ዓይነት ከተማ የተውጣጣ ጦር ሞራሉ ይወርዳል፤ ከመቃብር የተነሡ ሙታን በመካከሉ ከተሰለፉም የሕያዋኑ ወኔ ይቀዘቅዛል።

ብሊዛርድ በ1994 ያወጣው «ዋርክራፍት» ግን ሁለት ተጫዋቾችን በሞደም አገናኝቶ ሰውንና ኦርክን አጋጠመ። በሰንጠረዥ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ፈረስ የሚጎድልበት ንጉሥ የለም፤ እዚህም ኦርክ ስለሆነ ብቻ የሚሸነፍ ጦር ቢኖር ማንም አይጫወትበትም ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ወገን ሠራተኛ፣ እግረኛና ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ ከመልክ በቀር አንድ ዓይነት ሆኑ። ልዩነቱ የሚጎላው በአስማቱ ነው፤ የሰዎቹ ካህን ቁስል ሲፈውስ የኦርኮቹ ጠንቋይ ሙታን ያስነሣል። ኦርኩ በትረካው ወራሪ፣ በሜዳው እኩያ ነበር።

ትረካው ሜዳውን ለመምሰል ስምንት ዓመት ፈጀበት። በ2002 «ዋርክራፍት 3» ኦርኮቹ ክፉ የሆኑት የአጋንንት ደም ጠጥተው እንጂ ተፈጥሯቸው እንዳልሆነ ነገረን። መሪያቸው ስሮል በሰው እጅ በባርነት ያደገ፣ ሕዝቡን ነጻ ለማውጣት የተነሣ ሆነ። በአንጻሩ የሰዎቹ አልጋ ወራሽ አርታስ በመቅሠፍት ተበክላለች ያላትን ከተማ ነዋሪ ፈጀ፤ ኋላም አባቱን ገደለ። ያን ዘመቻ የጨረሰ ተጫዋች ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ኦርክን ሲመርጥ የክፉ ጎራ መረጥኩ ብሎ አያስብም።

ከዚያው ጨዋታ ላይ አድናቂዎች የሠሩት «ዶታ» መጀመሪያ የነበሩት ሁለት ወገኖች የደን ጠባቂዎችና የሙታን ሠራዊት ነበሩ። በ2013 የወጣው «ዶታ 2» ራዲያንትና ዳየር አላቸው፤ የብርሃንና የጨለማ ቀለም አልለቀቃቸውም። ነገር ግን ማንኛውም ጀግና ለየትኛውም ወገን ይሰለፋል። ራዲያንት ከካርታው ታች ግራ፣ ዳየር ከላይ ቀኝ ይነሣል።