ሳንቲምን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ፤ የጅቡቲ ምሳሌ

እንደሚታወቀው በብዙ ትምህርት ቤቶች የታሪክ ትምህርት የሚሰጠው በመጽሐፍና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። ነገር ግን በእጅ ተይዞ፣ ተገላብጦና ተነብቦ የሚያስተምር ሰነድ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ሳንቲም ነው። ሳንቲም ማሰባሰብ የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት አንቀበለውም። ጀማሪ የሚያስፈልገው ጥቂት ሳንቲምና ብዙ ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ የጅቡቲን ከተማ እንውሰድ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ ሲሆን፣ በወደቡ የብዙ አገር ነጋዴና ገንዘብ ተላልፏል። ጀማሪው በመጀመሪያ ሦስት ሳንቲሞችን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። እ.ኤ.አ. 1948 የሚል ዓመት ባለበት ላይ «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» የሚል ስም በፈረንሳይኛ ተጽፏል። ከ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ስሙ «የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት» ሆነ። በ1977 በተቀረጸው ላይ ግን «የጅቡቲ ሪፑብሊክ» የሚለው ይነበባል። ሥዕሉንም ማስተያየት ይገባል። በባለ 50ና በባለ 100 ፍራንክ ላይ የፈረንሳይ ሪፑብሊክ ምልክት የሆነችው የማርያን ምስል ወጥታ የአገሩ ዓርማ ተተክቷል፤ በጀርባው ያሉት ግመሎች ግን እንደነበሩ ቀርተዋል። ምን ተለወጠ? ምንስ ቀረ? መምህሩ በዚህ ጥያቄ አንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ዓመተ ምሕረትን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ ፲፱፻፷፱ ተብሎ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር 1969 አይደለም፤ 1976/77 ነው። ጅቡቲ ነፃ የወጣችበትም ቀን ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነበር። ጠገራ ብር ደግሞ ከዚህ የባሰ ያሳስታል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም፣ ያው 1780 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ ብሩ በልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን የተሠራበትን ዘመን አያረጋግጥም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል መሆኑን በሚዛን ማየት፣ ጠርዙንና የፊደሉን አቀራረጽ መመርመር ያስፈልጋል።

የአያያዙ ደንብ አጭር ነው። ሳንቲሙን በጠርዙ እንያዘው። በአመድ ወይም በሎሚ አንፈትገው፤ መወልወል የላይኛውን ገጽ ይልጠዋልና። ከየት እንደተገኘ፣ ማን እንደሰጠን፣ መቼ እንደተቀበልን በደብተር እንመዝግብ። ይህ ማስታወሻ የሌለው ሳንቲም ግማሽ ታሪኩን ያጣል።

ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በአገራችን ብዙ ጠገራ ብር በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ ጌጥ ሆኗል። ከእርሻ የሚወጣው የአክሱም ገንዘብ ደግሞ ለግል ስብስብ የሚሆን አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ግኝት ለሚመለከተው ባለሥልጣን መገለጽ አለበት። ስለዚህ ተማሪዎቻችንን ስናበረታታ፣ መሰብሰብ ማለት ማካበት ሳይሆን መጠበቅ መሆኑን አብረን እናስተምራቸው። ለመጀመሪያው የቤት ሥራም አያቶቻቸው ዘንድ ሄደው፣ በልጅነታቸው በምን ገንዘብ ምን ይገዙ እንደነበር ጠይቀው እንዲጽፉ ብናዝዛቸው መልካም ነው።