የኅብረት ዝማሬ በጥቁር አሜሪካውያን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ከጌቶቻቸው ተሰውረው በሌሊት በጫካ ውስጥ እየተሰበሰቡ ይጸልዩና ይዘምሩ ነበር። የዝማሬያቸውም ሥርዐት አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ የሚቀበሉት በመሆኑ፥ ማንበብ የተከለከለውም ሆነ ድምፁ በኀዘን የደከመው ሰው ከማኅበሩ አይለይም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ ለአንዱ የከበደውን መከራ ዝማሬው ለሁሉ ያካፍለው ነበር። ባርነት በ1865 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከተሻረ በኋላ ይኸው ሥርዐት በየቤተ ክርስቲያኑ ጸና። በ1930ዎቹ ዓመታትም ቶማስ ዶርሲ በቺካጎ የብሉዝን ስልት ከመንፈሳዊው መዝሙር ጋራ አዋሕደው ጎስፔል የተባለውን ዜማ በመዘምራን ዘንድ አስፋፉ።

ከነዚህ መዘምራን መካከል ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። ኑሮአቸው ግን የተከፈለ ነበር፤ እሑድ ጧት ድምፃቸው ይወደሳል፥ በዚያው ሰዓት ከመድረኩ በሚሰበከው ቃል ይወገዛሉ። ነገራቸውን ሸሽገው እስከኖሩ ድረስ ይታገሡአቸው ነበር። ኤይድስ በ1981 ከታወቀ ወዲህ ግን ይህ ዝምታ ሊጸና አልቻለም። በሽታው የያዛቸው ብዙዎች ከዘመዶቻቸውና ከምእመናን ተለዩ፤ አስከሬናቸውን ለመገነዝ እንቢ ያሉ የቀብር ቤቶችም ነበሩ።

የጎስፔል ዘማሪ የነበሩት ካርል ቢን በዚህ ጊዜ የሠሩት ሥራ ሊታሰብ ይገባዋል። እኒህ ሰው በ1977 በሞታውን ኩባንያ «እንዲህ ሆኜ ተወለድሁ» የተባለውን ዘፈን በሸክላ አስቀርጸው ነበር፤ ዘፈኑ ዓለማዊ ቢሆንም አዘፋፈናቸው የቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1982 በሎስ አንጀለስ የኅብረት ማኅበር የተባለውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ በ1985 ደግሞ ኤይድስ የያዛቸውን ጥቁሮችና ሌሎች ድኾች የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። በሳን ፍራንሲስኮም ራሳቸው የጎስፔል ዘማሪ የሆኑት ኢቬት ፍላንደር በ1991 የመማጸኛ ከተማ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። የሁለቱም መሥራቾች ከመዘምራን ወገን መሆናቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

እንግዲህ እነዚህ ጉባኤያት አዲስ ዜማ መፍጠር አላስፈለጋቸውም። አባቶቻቸው በጫካ ያወጡትን፥ እነርሱም በየመዘምራኑ ሲያገለግሉበት የኖሩትን ይዘው ወጡ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀድሞ ድምፁ ብቻ ይፈለግ የነበረው ዘማሪ፥ አሁን ከነስሙና ከነኑሮው ያወጣል፥ ጉባኤውም ይቀበለዋል። ስለዚህ የቅርስ ማስመለስ የተባለው ነገር ከሌላ የወሰዱት ሳይሆን፥ ሲሠሩበት ኖረው ባለቤትነቱ የተነፈጋቸውን ርስት መረከብ ነው።