ስለ ተከሳሽ የሚቆም ሰው

ዳኛ በወንበሩ ቢቀመጥ፥ ሕጉም ቢነበብ፥ ስለ ተከሳሹ አጥብቆ የሚናገር ሰው ካልተገኘ ፍርዱ የአንድ ወገን ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ግዛት የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1931 ዓመት በመጋቢት ወር፥ በዕቃ ባቡር ላይ የተገኙ ዘጠኝ ጥቁሮች ልጆች ሁለት ነጮች ሴቶችን በግድ ደፍራችኋል ተብለው ተያዙ። የታናሻቸው ዕድሜ 13 ዓመት ያህል ነበረ። በስኮትስቦሮ ከተማ ለፍርድ ሲቀርቡ የተቈጣ ሕዝብ ችሎቱን ከቦት ነበረና ወታደሮች ይጠብቁ ነበረ። ጠበቃ ቆሞላቸዋል ቢባልም፥ ነገሩን ለመመርመር ጊዜ አልተሰጠውም። በጥቂት ቀኖችም ውስጥ በስምንቱ ላይ ሞት ተፈረደባቸው።

ነገሩ በይግባኝ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1932 ዓመትም ፍርዱ ተሻረ። በሞት በሚያስቀጣ ነገር ለድሃና ላልተማረ ሰው የሚቆመው ጠበቃ ለስሙ ብቻ ሊሆን አይገባም ተብሎ ተወሰነ።

ክርክሩ በ1933 ዓመት በዲኬተር ከተማ እንደ ገና ሲጀመር፥ ሳሙኤል ሊቦዊትስ የሚባል የኒውዮርክ ጠበቃ ያለ ዋጋ ቆመ። እርሱም በሩማንያ የተወለደ አይሁዳዊ ስለ ነበረ፥ በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ እንግዳና የተጠላ ሆነ። ከከሳሾቹ ሴቶች አንዲቱ ቀድሞ የተናገረችው ሐሰት መሆኑን መሰከረች፤ ነገር ግን ጁሪ የሚባሉት 12 ነጮች ፈራጆች የቀረበውን ተከሳሽ ጥፋተኛ ነው አሉ። ዳኛው ጄምስ ሆርተን ማስረጃውን መርምሮ ውሳኔአቸውን አፈረሰ፤ በተከተለው ዓመትም በምርጫ ወንበሩን አጣ።

ሊቦዊትስ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር አነሣ፤ ጥቁር ሰው ከፈራጆቹ ጋር እንዳይቀመጥ መከልከሉን ተቃወመ። ሹማምንቱ ጥቁሮች በመዝገብ አሉ ብለው ስሞችን ቢያሳዩ፥ ስሞቹ ኋላ የተጨመሩ መሆናቸውን ገለጠ። በ1935 ዓመትም መዝገቡን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት አቀረበ፤ ዳኞቹ በማጉያ መስተዋት ተመለከቱት፤ ጥቁሮችን ስለ መልካቸው ከፈራጅነት ማራቅ ሕግን መጣስ ነው ብለውም ፈረዱ።

ይሁን እንጂ ድሉ ለተከሳሾቹ ፈጥኖ አልደረሰም። በ1937 ዓመት አራቱ ተለቀቁ፤ ሌሎቹ ብዙ ዘመን በወህኒ ቈዩ። ለመጨረሻዎቹ ሦስቱ የምሕረት ቃል የተሰጠው በ2013 ዓመት፥ ከሞቱ በኋላ ነው። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ በሞት ፍርድ አልተገደለም፤ ወጣትነታቸውን ግን የመለሰላቸው የለም።

እንግዲህ የጠበቃ ሥራ አንደበት ማሳመር ብቻ አይደለም፤ መዝገቡን ገልጦ ማን እንደ ተጻፈና ማን እንደ ተተወ መመርመርም ነው። ፍርድም የሚመሰገነው ስለ ፈጠነ ሳይሆን፥ ሁለቱን ወገን በእኩል ስለ ሰማ ነው።